የሜክሲኮ ተራ ፊልሞችና በጭምብል የተነገረው የኅብረተሰብ ታሪክ

በ1936 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፈርናንዶ ዴ ፉዌንቴስ የተባለው የሜክሲኮ የፊልም ዲሬክተር የሠራቸው ሁለት ፊልሞች ለሕዝብ ቀረቡ። አንደኛው «ከፓንቾ ቪያ ጋር እንሂድ» የሚል ሲሆን፣ በሜክሲኮ አብዮት ጊዜ ያን ዝነኛ የጦር መሪ ተከትለው የዘመቱ ስድስት የአንድ መንደር ሰዎች አንድ በአንድ እንዴት እንዳለቁ የሚተርክ ነው። ለሥራው መንግሥት ወታደርና ባቡር ሳይቀር አውሷል። ከስድስቱ በመጨረሻ የተረፈው ሰው በፈንጣጣ የታመመውን ጓደኛውን በእሳት እንዲያቃጥል ይታዘዛል፤ ከዚያም በኋላ ሠራዊቱን ትቶ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ብቻውን በጨለማ ሲሄድ ፊልሙ ያበቃል።

ሁለተኛው ፊልም «በዚያ በትልቁ እርሻ» ይባላል። በዚህኛው ውስጥ አብዮት የሚባል ነገር አይነሣም። ባላባቱ ደግ፣ ጭሰኛው ታማኝ፣ ፈረሱ የሠባ፣ ዘፈኑ የማያቋርጥ ነው። ባላባቱና የእርሻው አለቃ አንዲት ልጃገረድ ወድደው ቢጣሉም ኋላ ይታረቃሉ፤ ነገሩም በሠርግ ይደመደማል። ፊልሙ በወጣበት ሰዓት የፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ መንግሥት (1934–1940) የባላባቶችን ሰፋፊ ርስት እየቈረሰ ለገበሬው ያከፋፍል ነበር፤ የሥልጣን ዘመኑ ሲያበቃ የታደለው መሬት ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር። እንግዲህ በመንደር የባላባት ርስት ሲፈርስ በሲኒማ ቤት ደግሞ የባላባት ርስት ገነት ሆኖ ይታይ ነበር ማለት ነው።

በመንግሥት ድጋፍ የተሠራው የአብዮት ፊልም ከሰረ። የባላባቱ ፊልም ግን ስፓኝኛ በሚነገርባቸው አገሮች ሁሉ ዞረ፤ የሥዕል አንሺው የጋብሪኤል ፊጌሮአ ሥራም በ1938 በቬኒስ ተሸለመ፤ የሜክሲኮም ፊልም ሠሪዎች ለብዙ ዓመታት እርሱኑ እየቀዱ ኖሩ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሜክሲኮ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው አዲስ አበባ ያለው አደባባይ ነው። ያም ስያሜ የሚያስታውሰው ይኸው የካርዴናስ መንግሥት የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ አድርጎ ለመቀበል እንቢ ማለቱን ነው። በዓለም መድረክ ይህን ያህል የደፈረ መንግሥት በገዛ አገሩ ሲኒማ ቤት ውስጥ በአንድ የዘፈን ፊልም መረታቱ የሚያስገርም ነው። ያ ፊልም የመሬት አዋጁን በስም ሳይጠራ ተከራክሮታል፤ መልስ የሰጠውም አልነበረም።

የሜክሲኮን ፊልም ታሪክ የጻፉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ «ቁም ነገረኛ» የሚሏቸውን ሥራዎች ብቻ እየመረጡ ሲመረምሩ፣ የዘፈኑን፣ የዳንስ ቤቱን፣ የትግሉንና የሙት መንፈሱን ፊልም ለተራው ሰው ማሳሳቂያ ብለው ተዉት። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ገንዘቡን ከፍሎ ያየው እነዚህኑ ነው። በግልጽ ሊነገር ያልተቻለው የመሬት፣ የስደት፣ የፍትሕና የሥልጣን ጥያቄ ተሸሽጎ የገባውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ ውስጥ ነበር። እውነት ነው፣ ጥያቄውን ያስገቡትን ያህል መልሰው ያስተኙበትም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አብሮ ማየት ይገባል።

ነገሩ ለምን ተሸሸገ ቢባል ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ከ1929 እስከ 2000 ድረስ አገሪቱን የገዛው ስሙን እየለወጠ የኖረ አንድ ፓርቲ ነው። በ1942 ለፊልም ሥራ ብድር የሚሰጥ ባንክ ተቋቋመ፤ ኋላም ወደ መንግሥት እጅ ገባ። በ1949 የወጣው የፊልም ኢንዱስትሪ ሕግ ደግሞ የሳንሱሩን ሥልጣን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አጸና። አበዳሪውም ፈቃጁም መንግሥት ከሆነ ሠሪው ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የማሳያውም ነገር ከዚህ አይሻልም፤ በፑዌብላ የሚኖር ዊሊያም ጄንኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ከበርቴ ከሸሪኮቹ ጋር አብዛኞቹን የአገሪቱን ሲኒማ ቤቶች ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ መንግሥት የገዛቸው በ1960 ነው።

በግልጽ የተናገሩት ምን እንደ ገጠማቸው ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። ሁሊዮ ብራቾ በ1960 «የአለቃው ጥላ» የተባለውን ፊልም ከማርቲን ሉዊስ ጉስማን ልብ ወለድ ተነሥቶ ሠራ፤ ከአብዮቱ በኋላ ጄኔራሎቹ ለሥልጣን እንዴት እርስ በርስ እንደ ተገዳደሉ የሚያሳይ ስለ ነበረ ታገደ፤ ለሕዝብ የተፈቀደው በ1990 ነው። ሮቤርቶ ጋቫልዶን በ1961 የሠራው «ሮሳ ብላንካ» የነዳጅ ኩባንያ የአንድን ገበሬ መሬት እንዴት እንደ ነጠቀ የሚተርክ ሆኖ እስከ 1972 ድረስ በመጋዘን ተቀመጠ። የሉዊስ ቡኝዌል «የተረሱት» እንኳ በ1950 ሲወጣ የሜክሲኮ ከተማን ድኻ ልጆች ያለ ዘፈንና ያለ ማጽናኛ በማሳየቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሲኒማ ቤት ወርዶ ነበር። በካን ከተማ በ1951 ሲሸለም ግን ያው አገር ተቀበለው።

ዘፈንና ማጽናኛ ያለው የድኽነት ፊልም ግን በር አልተዘጋበትም። ኢስማኤል ሮድሪጌስ በ1948 የሠራው «እኛ ድኾቹ» ፔድሮ ኢንፋንቴን አናጢ አድርጎ ያቀርባል። አናጢው ባልሠራው ወንጀል ይከሰሳል፤ ይታሰራል። ተመልካቹ ከልጁና ከጎረቤቶቹ ጋር አልቅሶ ይወጣል። ይህን ፊልም ድኽነትን ያቆነጀ ነው ብለው የሚነቅፉት አልተሳሳቱም፤ ሀብታም የሚያጣውን ፍቅር ድኻ ያገኛል የሚል ስብከት ሞልቶበታል። ሆኖም አንድ ነገር አለ። አናጢው ነጻ የሚወጣው በዳኛ ወይም በጠበቃ አይደለም፤ እውነተኛው ገዳይ እስር ቤት ውስጥ ተደብድቦ ሲናዘዝ ነው። ፍርድ ቤቱ ለድኻ አይሠራም የሚለው ሐሳብ በስብከቱ መካከል ሳይታወቅ አልፏል።

ካንቲንፍላስ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1940፣ ፍርድ ቤቱን በሌላ መንገድ ደርሶበታል። «ነገሩ እዚያ ላይ ነው» በተባለው ፊልም ቡቢ የተባለ ውሻ መግደሉን ሲያምን፣ ዳኞቹ የሚጠይቁት ቡቢ ስለሚባል ሰው ነበር። ሥራ ፈቱ ተከሳሽ መጨረሻ የሌለው ወሬውን ሲያወርድ ቀስ በቀስ ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም በእርሱ ቋንቋ መዘባረቅ ይጀምራሉ። የሕግ ሰዎች ለተራው ሰው የማይገባ ቋንቋ መናገራቸውን ከዚህ በተሻለ ያሳየ ፊልም ማግኘት ያስቸግራል። በኋለኛው ዘመኑ ካንቲንፍላስ ራሱ የፖሊስ፣ የቄስና የአምባሳደር ልብስ እየለበሰ ይመክር ጀመር፤ ቀልዱም ያን ጊዜ ደከመ።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የዳንስ ቤቱ ፊልም ነው። ከ1940 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ዋና ከተማው የሚገኝበት የፌዴራል ክልል ሕዝብ ከ1.7 ሚሊዮን ወደ 4.8 ሚሊዮን አደገ። ከገጠር የመጣችው ሴት የቤት ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የዳንስ ቤት ሴት ሆነች። በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ሴቶች ያገኙት ገና በ1953 ነው። በፕሬዚዳንት ሚጌል አሌማን ዘመን (1946–1952) ሀብት በጥቂቶች እጅ ሲከማች፣ ሲኒማው በዳንስ ቤት ሴት ታሪክ ተሞላ። ኤሚሊዮ ፈርናንዴስ በ1949 ባቀረበው «ሳሎን ሜክሲኮ» ማርጋ ሎፔስ የምትጫወታት ሴት ሌሊት በዳንስ ቤት እየሠራች ታናሽ እኅቷን በውድ አዳሪ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ታናሺቱ ስለ ጨዋነት ትማራለች፤ ጨዋነቱ የሚከፈልበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን አታውቅም።

አልቤርቶ ጎት በ1950 የሠራው «አቬንቱሬራ» ከዚህ ይብሳል። ዋናዋ ተዋናይት ኩባዊቱ ኒኖን ሴቪያ ናት። ኤሌና የተባለችው የቺዋዋ ልጅ እናቷ ከወዳጇ ጋር ስትኮበልልና አባቷ ራሱን ሲገድል ብቻዋን ትቀራለች። ሥራ ፍለጋ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ሲዩዳድ ኹዋሬስ ትሄዳለች፤ ሥራ ያገኝልኛል ያለችው ሰው ግን አደንዝዞ ለሴተኛ አዳሪ ቤት ይሸጣታል። የቤቱ ባለቤት ሮሳውራ (አንድሬአ ፓልማ) ናት። ኤሌና ከብዙ መከራ በኋላ አምልጣ ዘፋኝና ዳንሰኛ ትሆናለች፤ ከጓዳላኻራ ታላቅ ቤተ ሰብ የተወለደ ወጣትም ያጫታል። እጮኛዋ ከተከበረችው እናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት ቤቱ ሲያስገባት ያቺ ጨዋ እመቤት ሮሳውራ ራሷ ሆና ትገኛለች።

ይህን ታሪክ የአጋጣሚ ብዛት ያለበት ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። አጋጣሚው ግን ክርክሩን የሚሸከመው ምሰሶ ነው። በጓዳላኻራ ያለው ትልቅ ቤት፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የእራት ግብዣው፣ የቤተ ሰቡ ስም፣ ይህ ሁሉ በድንበር ከተማ በተሸጡ ልጃገረዶች ገንዘብ የቆመ ነው። የሀብቱን ምንጭ እንዲህ በግልጽ የሚከስስ የፖለቲካ ፊልም ቢሠራ ኖሮ ከሳንሱሩ ጽሕፈት ቤት አይወጣም ነበር። በዳንስና በእንባ መካከል ሲነገር ግን አለፈ። ኤሌናም በዘመኑ ልማድ ተጸጽታ አትሞትም፤ ሮሳውራን በገዛ ቤቷ ታዋርዳታለች። ከፊልሙ የሚቀረው የእርቁ ትዕይንት ሳይሆን ይህ ውርደት ነው።

ከ1952 እስከ 1966 የዋና ከተማው ሹም የነበረው ኤርኔስቶ ኡሩቹርቱ ዳንስ ቤቶችን በጊዜ እንዲዘጉ አድርጎ የሌሊቱን ኑሮ አከሰመው። የሲኒማ መግቢያም ለብዙ ዓመታት ከ4 ፔሶ እንዳያልፍ ተወሰነ። ይህ ለድኻው ተመልካች መልካም ነበር፤ ፊልም ሠሪው ግን ወጪውን እንዲቀንስ ተገደደ።

በዚህ ላይ የሙያ ማኅበራቱ ጉዳይ ተጨመረ፤ ይህ ነጥብ በማኅበር ለሚኖር ባለሙያ ሁሉ ሊያሳስበው የሚገባ ነው። በ1945 የፊልም ሠራተኞች ማኅበር ለሁለት ሲከፈል ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የመሥራት መብት ለአዲሱ ማኅበር ተሰጠ፤ ለነባሩ አጫጭርና የዜና ፊልም ብቻ ተተወለት። አዲሱ ማኅበር መብቱን ካገኘ በኋላ በዲሬክተሮቹ ክፍል አዳዲስ አባላትን መቀበሉን ፈጽሞ አጠበበው። የአባላቱን እንጀራ ለመጠበቅ ታስቦ የተደረገ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ከበር ውጪ መቅረቱ፣ ውስጥ ያሉትም ያንኑ ፊልም እየደጋገሙ ማርጀታቸው ነበር። ማኅበሩ ራሱ ችግሩን ተረድቶ በ1964 የሙከራ ፊልሞች ውድድር እስኪያውጅ ድረስ በሩ እንደ ተዘጋ ቆየ።

የተከለከሉት ዘዴ አላጡም። በስቱዲዮስ አሜሪካ የሚሠሩት የነባሩ ማኅበር አባላት ተከታታይ አጫጭር ፊልም እንሠራለን ብለው ሦስት ክፍል ይቀርጹና፣ ክፍሎቹን አንድ ላይ ሲቀጥሏቸው አንድ ረጅም ፊልም ይወጣቸዋል። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ መካከላቸው ላይ ድንገት የሚቋረጡትና እንደ ገና የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ጭምብል ያጠለቁ ታጋዮች ፊልም የተስፋፋውም ርካሽ በመሆኑና እንዲህ ላለው አሠራር በመመቸቱ ነው። የነጻ ትግል ግጥሚያ በ1950ዎቹ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ስለ ታገደ፣ የሚወድዱትን ታጋይ በሥዕል ማየት ለሚሹ ሁሉ የቀረው ሲኒማ ቤት ነበር።

የእነዚህ ሁሉ አውራ ኤል ሳንቶ፣ ማለት «ቅዱሱ»፣ ነው። ሮዶልፎ ጉስማን ኡዌርታ በ1917 በቱላንሲንጎ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ዋና ከተማው ከፈለሱት አንዱ ነበር። የመጀመሪያ ሁለት ፊልሞቹ የተቀረጹት በ1958 በኩባ፣ የካስትሮ ሠራዊት ድል ሊያደርግ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ በላይ ፊልሞች ላይ ከብር ጭምብሉ ጋር ቀርቦ ከደም መጣጮች፣ ከአበዱ ሳይንቲስቶችና ከሌላ ዓለም ከመጡ ጠላቶች ጋር ተዋግቷል። ድኻው ተመልካች በእርሱ ውስጥ ያየው ራሱን ነው፤ ስሙ የማይታወቅ፣ መልኩ የማይታይ፣ በጡንቻው የሚኖር ሰው። ነገር ግን ኤል ሳንቶ በፊልሙ ሁሉ የፖሊስ ረዳት ነው። ጠላት ከውጭ ወይም ከመቃብር ይመጣል እንጂ ከሚኒስቴር አይመጣም። ፖሊሱም ችሎታ ያንሰው ይሆናል እንጂ ጉቦ አይበላም። በአንድ ፓርቲ ለሚመራ መንግሥት ከዚህ የበለጠ የሚመች ጀግና አይገኝም።

የሙት መንፈስ ፊልሞች ግን እንዲህ ጨዋ አልነበሩም። በፈርናንዶ ሜንዴስ «ኤል ቫምፒሮ» (1957) ደም መጣጩ ከሀንጋሪ የመጣ መኰንን ሲሆን፣ ፍላጎቱ የሰው ደም ብቻ አይደለም፤ ያረጀውን የባላባት ርስትም ሊገዛ ይሻል። በ1936ቱ ፊልም በዘፈን የደመቀው ያ ትልቅ እርሻ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሸረሪት ያደራበት፣ ሙታን የሚመላለሱበት ቤት ሆኖ ተገኘ።

በ1968 ካርሎስ ኤንሪኬ ታቦአዳ «ነፋስ እንኳ ይፈራል» የተባለውን ፊልም አቀረበ። ነገሩ የሚፈጸመው በልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ርእሰ መምህርቷ ሕግ ከማክበር በቀር ሌላ የማታውቅ ሴት ስትሆን፣ የምትጫወታትም በ«ሳሎን ሜክሲኮ» ያየናት ማርጋ ሎፔስ ናት። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የታመመች እናቷን ለማየት ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላ ራሷን ሰቅላለች፤ አሁን መንፈሷ ይመለሳል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን፣ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሊከፈት ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ የመንግሥት ኃይሎች በትላቴሎልኮ አደባባይ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኰሱ፤ የሟቾቹ ቍጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ታቦአዳ ይህን አስቀድሞ አላወቀም፤ ፊልሙንም ስለ ተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ሆኖም የማይሰማ አለቃና የተቀጣች ተማሪ ታሪክ በዚያ ዓመት ለታዳሚው ባዕድ ሊሆንበት አይችልም ነበር።

ስለ ትላቴሎልኮ በግልጽ የሚናገረው ልብ ወለድ ፊልም፣ የሆርሄ ፎንስ «ቀይ ንጋት»፣ ለሕዝብ የቀረበው በ1990 ነው፤ ያውም ሠራዊቱን የሚመለከቱ ጥቂት ክፍሎች ከተቈረጡለት በኋላ። ከዚያ ቀድሞ በ1976 ፌሊፔ ካሳልስ በ«ካኖአ» በሴፕቴምበር 1968 በአንድ የፑዌብላ መንደር ኮሚኒስቶች ናቸው ተብለው በሕዝብ የተደበደቡትንና የተገደሉትን የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ታሪክ አቅርቧል። ፊልሙ የዜና አቀራረብ ቢይዝም ሌሊቱን፣ ዝናሙን፣ የደወሉን ድምፅና የሚመጣውን ሕዝብ የሚያሳየው በማስፈራሪያ ፊልም ሥርዐት ነው። ይህ መንገድ አልተዘጋም። ኢሳ ሎፔስ በ2017 በሠራችው «ይመለሳሉ» ወላጆቻቸውን በዕፅ ነጋዴዎች ያጡ ልጆች በባዶ ከተማ ሲንከራተቱ የሙታን መንፈስ ይከተላቸዋል፤ የወንበዴዎቹ አለቃም ለምርጫ የሚወዳደር ፖለቲከኛ ነው። በሜክሲኮ በይፋ የተመዘገቡት የጠፉ ሰዎች ቍጥር በ2022 ከ100,000 በላይ ሆኗል።

ድንበሩም የራሱ ፊልም አለው። ከ1942 እስከ 1964 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት 4.6 ሚሊዮን ያህል የሥራ ውል ተፈርሞ ሜክሲካውያን ወደ አሜሪካ እርሻዎች ሄደዋል፤ ያለ ውል የተሻገረውም ብዙ ነው። አሌሃንድሮ ጋሊንዶ በ1953 «እርጥብ ጀርባዎች» በሚለው የጀብዱ ፊልም የእነዚህን ዕጣ ቀረጸ፤ የታየው ግን በ1955 ነው። ፊልሙ በአንድ በኩል «አትሂዱ» የሚል የመንግሥት ምክር ነው፤ ሰው ለምን እንደሚሄድ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ግን አሜሪካ ተወልዳ ከየትኛውም ወገን ያልተቈጠረች የሜክሲካውያን ልጅ ብቸኝነቷን ስትናገር ያሰማል። በ1983 የወጣው «ሎላ ላ ትራይሌራ» ደግሞ ዕፅ አልጭንም ብሎ የተገደለ የከባድ መኪና ሾፌር ልጅ መሪውን ይዛ ስትበቀል የሚያሳይ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያሉ ሠራተኞች ተሻምተው አይተውታል። ተቺዎች ግን አላዩትም ማለት ይቻላል።

ኤል ሳንቶ በጃንዩዋሪ 1984 በቴሌቪዥን ቀርቦ ጭምብሉን ለቅጽበት ገለጥ አደረገ፤ በፌብሩዋሪ 5 ቀን ሞተ፤ የተቀበረውም ከነጭምብሉ ነው። በሴፕቴምበር 1985 ሜክሲኮ ከተማን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ቤታቸው የፈረሰባቸውና አከራዮች ሊያስወጧቸው የፈለጉ ተከራዮች ተደራጁ፤ በ1987ም የሠፈሮች ጉባኤ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዓመት ቀይና ቢጫ የታጋይ ልብስ የለበሰ፣ ጭምብል ያጠለቀ፣ «ሱፐርባሪዮ» የሚባል ሰው ሰልፉ ፊት ታየ። በሲኒማ ቤት ጭምብል ለባሹ ሁልጊዜ ከፖሊስ ጎን ይቆም ነበር። ይህኛው ግን ተከራይ ሊያስወጡ ፖሊሶች በመጡ ቍጥር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ከባለ ሥልጣኖችም ጋር ለድርድር ሲቀመጥ ጭምብሉን አያወልቅም።